በሩዝ የተቀጠርኩ ክሪኬተኛ

ካናዳ፣ ካልገሪ ውስጥ ክሪኬት ተጫውቶ ደሞዝ የበላ ሐበሻ ከእኔ በፊት ካለ ይንገሩኝ፤ እስካሁን ማንም ስላልተከራከረኝ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብዬ እኖራለሁ። ደሞዝ የበላ ስል የምሬን ነው። የሚከፈለኝ በሩዝ ነበር። በየጨዋታው አንድ ጆንያ ባስማቲ።

ነገሩ የተጀመረው ኤርፖርት ነው። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ደግሞ ከመንዳቱ መጠበቁ ይበዛል። ተራችን እስኪደርስ የምንቆምበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ እዚያ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም እንቀመጣለን። ሐበሾቹ አንዱን ጥግ ይዘን ስለ ፖለቲካ እንጨቃጨቃለን። ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ ሌላውን ጥግ ይዘው፣ የቆሻሻ ቆርቆሮ አቁመው፣ በቴፕ በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ክሪኬት ይጫወታሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አየኋቸው፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አልገባኝም። አንዱ ሮጦ ይለቃል፣ አንዱ ይመታል፣ ከዚያ ሁሉም ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ከጨዋታው የገባኝ ጭቅጭቁ ብቻ ነበር፤ እሱ ከእኛ ጥግ አይለይም።

አንድ ቀን ኳሷ ተንከባልላ ጎማዬ ሥር ገባች። አውጥቼ ወረወርኩላቸው። አዲስ አበባ እያለሁ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእጅ ኳስ ተጫውቻለሁ። ተጫውቻለሁ እላለሁ እንጂ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ነው ያሞቅኩት፤ በእኔ ቦታ የሚሰለፈው ልጅ ጉንፋን እንኳ የማይዘው ጤነኛ ነበር። ክንዴ ግን ክንድ ነበር። ኳሷ ከማዶ ሄዳ ቆርቆሮውን መሀሉ ላይ መታችና ገለበጠችው። ጭቅጭቁ ቀጥ አለ።

ከመሀላቸው አንዱ እያነከሰ ወደ እኔ መጣ። የላሆር ሰው ነው፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ እንደ እኔው ታክሲ ይነዳል፤ ግራ ጉልበቱ ከተበላሸ ቆይቷል። የእሑድ ቡድናቸው ካፒቴን መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

"እስቲ ድገመው" አለኝ በእንግሊዝኛ።

ደገምኩት። ቆርቆሮው እንደገና ወደቀ።

"በጣም መጥፎ ነው" አለ። ፊቱ ግን ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነበር።

መጥፎ ያለበት ምክንያት አለው። ክሪኬት ላይ መወርወር ክልክል ነው። ይህን ስሰማ እያሾፉብኝ መሰለኝ። ኳሷን ለመቺው ማድረስ አለብህ፣ መወርወር ግን አይፈቀድልህም፤ ክንድህ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ከላይ ዞሮ ነው የሚለቃት። ክርንህን አጥፈህ በመጨረሻ ከዘረጋኸው ዳኛው ያስቆምሃል። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የተለማመድኩት ክርን ማጠፍ ነበር። ካፒቴኑ መላ አላጣም፤ የማንጎ ካርቶን ቆርጦ በክንዴ ዙሪያ ጠቀለለና በቴፕ ጠፈረው። "ሦስት ሳምንት" አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርቶን ታጥቄ ተለማመድኩ። ተራዬ ሲደርስ ታዲያ ማውለቁን እረሳለሁ። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን እንዳልነካ ከልክላኝ ራሷ ጫነች፤ ስትወርድ ደግሞ ለእጄ አዝና ሃያ ዶላር ቲፕ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። እጄ ላይ ያለው የማንጎ ካርቶን ብቻ መሆኑን አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት ክንዴ ቀና። ካፒቴኑ ይዞኝ ወደ ስፖንሰሩ ሄደ። ስፖንሰሩ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ውስጥ ግሮሰሪ ያለው፣ ፂሙን በሂና የሚያቀላ ኮስታራ ሰው ነው። ማልያውንም ኳሱንም የሚገዛው እሱ ነው፤ ቡድኑ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን አለመውጣቱ እንደ ግል ስድብ ይሰማዋል። ከሱቁ ጀርባ ከእንቁላል ካርቶኖች ጎን ጥቂት ኳስ አስለቀቀኝ።

"ስንት ትፈልጋለህ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ፊት ቆሜ የራሴን ዋጋ መጥራት አልሆነልኝም። "አንተ እንዳልክ" አልኩት። ለነጋዴ እንዲህ አይባልም። ዞር ብሎ መደርደሪያውን ቃኘና "በየጨዋታው አንድ ጆንያ ሩዝ" አለ። ካፒቴኑ ጨበጠኝ። ፕሮፌሽናል ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሜ ቤት ስገባ ባለቤቴ ከሥራ ገብታ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሳና ስታስተኛ ትውላለች።

"ፕሮፌሽናል ሆንኩ" አልኳት።

"የምን?"

"የክሪኬት።"

ጆንያውን አየችው። "ሌሎቹስ ስንት ነው የሚከፈላቸው?"

"ሌሎቹ አይከፈላቸውም። በነጻ ነው የሚጫወቱት።"

"ሩዙን ፈርተው ይሆናላ" አለችና ሻወር ልትወስድ ተነሳች።

እኛ ቤት ሩዝ የሚበላው ሆዱን ያመመው ሰው ነው። ሐምሌ ላይ ጓዳችን ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ባለቤቴ መላ አበጀች፤ ክርስትናም ይሁን ለቅሶ፣ እዚሁ ሲቲስኬፕ ሰፈርም ይሁን ጎረቤት ከተማ ቸስተርሚር፣ ሩዝ ሠርታ በትሪ ይዛ ትሄዳለች። በዚያ ሰመር የከተማው ሐበሻ በደስታውም በሐዘኑም የእኔን ደሞዝ በላ። አንድ ለቅሶ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ሱቅ ከፈትክ እንዴ?" አሉኝ። "የለም ጋሼ፣ ኳስ ተጫውቼ ያገኘሁት ነው" ብላቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ።

ይሳቁ። እኔ እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ፋብሪካው ቡድን ውስጥ ስቆይ "ዛሬ ትመጣለህ ወይ?" ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም። አሁን እሑድ እሑድ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይንዘፈዘፋል። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ በነጭ ሱሪዬና በነጭ ሸሚዜ ሜዳ እደርሳለሁ። ሌሎቹ የስፖንሰሩ ስም ያለበት አረንጓዴ ማልያ ነው የሚለብሱት፤ እኔን ሲያዩ ሽማግሌዎቻቸው "ድሮ ክሪኬት የሚለበሰው እንዲህ ነበር" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባት በሚሉት ጠፍጣፋ ዱላ መምታት እስከዛሬ አልቻልኩበትም፤ ሳነሳው ሁሉም ዓይኑን ወደ ሻይ ቴርሞሱ ያዞራል። ኳስ በመልቀቅ ግን አንደኛ ነበርኩ። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ቦርጬን ይዤ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ከጨዋታ ሳስወጣ እንዴት እንደሚያደርገኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባለሱቁ ጠራኝ። የመጨረሻው ጨዋታ ከቸስተርሚሮቹ ጋር ነው። "ካሸነፍን ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንገባለን" አለኝ። "አንተም ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጥረሃል። ከተሸነፍን ግን ሩዜ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል።" ያን ሳምንት መብሉም መጠጡም አልጣመኝም፤ አንድ ተሳፋሪ ዳውንታውን ብሎኝ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዤው ሄጃለሁ። የፈራሁት ሩዙን አጣለሁ ብዬ እንዳልሆነ ባለቤቴ ሳትረዳ አልቀረችም፤ ሰመሩን ሙሉ አልመጣም ያለችው ሴት ሺፍቷን ቀይራ መጣች።

የቸስተርሚሮቹ ቡድን መሥራች ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አዛውንት ናቸው። ከጨዋታው በፊት ሰላም ስላቸው በግራ እጄ የቀኝ ክንዴን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ነው። ካፒቴኑ አየኝ።

"ምን ትሰግድለታለህ? ከሰዓት በኋላ የምታስወጣው ሰው ነው" አለኝ።

"እሱ ሌላ ነው" አልኩት።

ጨዋታው ጥሩ ሄደልን። የሆነውን ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። በሜዳው መሀል በሁለት ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል፤ ሁለቱ መቺዎች በመካከሉ ሮጠው ቦታ በተቀያየሩ ቁጥር አንድ ነጥብ ያገኛሉ። መቺው ከእንጨቱ ፊት የተሰመረውን መስመር ከማለፉ በፊት ኳስ የያዘ ሰው እንጨቱን ቢነካበት ግን ወጣ። በቃ። ወደ መጨረሻው ላይ ቸስተርሚሮቹ ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ይፈልጋሉ፣ የቀራቸው ደግሞ አንድ የሚወጣ ሰው ነው። ያን ሰው ካስወጣን እኛ አሸነፍን። ኳሱን የምለቀው እኔ ነኝ። ከፊቴ ባት ይዘው የቆሙት አዛውንቱ ናቸው።

ለቀቅኩ። ነካ አደረጓትና ኳሷ ወደ እኔ ተንከባለለች። እሳቸውም በድፍረት ወደ እኔ አቅጣጫ መሮጥ ጀመሩ። ኳሷን አነሳሁ። እንጨቶቹ ከጉልበቴ ጎን ናቸው፤ እጄን ዝቅ ባደርግ እነካቸዋለሁ። አዛውንቱ ገና ሦስት እርምጃ ቀርቷቸዋል። እዚያ ላይ እግራቸው ተጠላለፈና በግንባራቸው ተደፉ።

"እኔን" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ሮጬ ሄጄ ብብታቸው ሥር ገባሁ። አነሳኋቸው። ጉልበታቸው ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፍኩ። የወደቀባቸውን ባት ከመሬት አንስቼ አስያዝኳቸው፤ ባቱን ሳስይዛቸው ኳሷ በግራ እጄ ውስጥ ነበረች። ከኋላዬ አሥር ሰው በኡርዱም በፑንጃቢም በእንግሊዝኛም ይጮኻል። ጩኸቱን ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ወድቆ የተጮኸ ነው የመሰለኝ። "ቀስ ይበሉ፣ አይዞዎት" እያልኩ በአማርኛ፣ ክንዳቸውን ደግፌ፣ ሦስቱን እርምጃ አራመድኳቸውና መስመሩን አሻገርኳቸው። ዳኛው አጠገባችን ቆሞ እጁን በእጁ ይዞ ያየናል።

"አልተጎዱም?" አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አሉኝ። ቀና ብለው የነጥብ ሰሌዳውን አዩና "አንድ ቀረን" አሉ።

ይሄኔ እጄ ውስጥ ያለችውን ኳስ አየኋት። እንጨቶቹ እንደቆሙ ናቸው። የሚቀጥለውን ኳስ ለቀቅኩ፤ ከአዛውንቱ ጋር ቦታ የተቀያየረው ጎረምሳ ከአጥሩ ማዶ መንገድ ላይ አወጣት። አለቀ። አዛውንቱ በትህትና ጨብጠውኝ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊጨፍሩ ሄዱ። ድሉን እንኳ ይመልሱልኛል ብዬ ትንሽ ጠብቄ ነበር። አልመለሱልኝም።

ቡድናችን ውስጥ ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ካፒቴኑ ጫማውን እየፈታ "ለሃያ ሰባት ዓመት ተጫውቻለሁ" አለና ቀሪውን ዋጠው።

መኪና ውስጥ እስከ ሀይዌይ ድረስ ያሳለፍነውን መብራት ሁሉ ቆጠርኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ ባለቤቴ።

"ጠይቂ።"

"እንጨቱን ነክተህ ብታነሳቸውስ? ሁለት ሰከንድ ነው።"

እንደዚያ ማድረግ ይቻል ነበር ወይ ብዬ አስቤ አላውቅም።

"እኔ ሥራ ላይ ክላየንት ሲወድቅ ወዲያው አላነሳም" አለችኝ። "ትሬኒንግ ላይ አይፈቀድም ብለውናል። መጀመሪያ ቆም ትላለህ፣ ዙሪያውን ቼክ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ነው። እኔም ስጀምር እንዳንተ እየዘለልኩ እገባ ነበር፤ ሱፐርቫይዘሬ ራይት አፕ አድርጋ ማስጠንቀቂያ ጽፋብኛለች።" ቀጥላም "ፕሮፌሽናል እንዲህ ነው" አለች። እየቀለደች ይሁን የምሯን አልለየሁም።

በማግስቱ ባለሱቁ የሰጠኝን አረንጓዴ ማልያ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ልመልስለት ሄድኩ። ሁልጊዜ ነጭ ነጭ ስለምለብስ አንድ ቀን እንኳ ሳልለብሰው ነው የመለስኩት። ካፒቴኑ ቀድሞኝ እዚያ ነበር። ባለሱቁ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አየኝ።

"ጥሩ ሰው ነህ" አለኝ። "ጥሩነት ግን ከመስጊድ በነጻ አገኛለሁ። ሩዝ የምከፍለው ለክሪኬት ነው።"

"ይማራል" አለ ካፒቴኑ። "ክርኑን በሦስት ሳምንት አቅንቼዋለሁ። ይሄም ይቀናል።"

"ይሄ ክርን አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

ባለሱቁ ፂሙን እያሻሸ አሰበ። "አስተዳደግ ነው መሰለኝ።"

"እሱም ይቀናል" አለ ካፒቴኑ።

ውሉ በዚህ ተቋጨ። በረዶው ሲሄድ ባለሱቁ ባለበት እፈተናለሁ፤ ካለፍኩ እቀጠራለሁ፣ ከወደቅኩ ማልያውን ሌላ ይለብሰዋል። የካልገሪ በረዶ ደግሞ ልቡ እስኪፈቅድ አይሄድም። ክረምቱን ሙሉ ቤዝመንታችን ውስጥ ተለማመድኩ። ሦስት የውሃ ጠርሙስ እደረድራለሁ፣ የተጠቀለለ ካልሲ እይዛለሁ፣ ባለቤቴ ሶፋው ላይ እንዳለች፣ ስልኳን እያየች፣ "ወደቅሁ" ትላለች። እኔ ጠርሙሱን መምታት አለብኝ። የመጀመሪያው ወር ላይ ካልሲው እጄ ላይ እንዳለ እሷ ጋ እደርሳለሁ። "ምንም አልሆንኩም እኮ፣ ተመለስ" ትለኛለች፣ ቀና ሳትል። ጥር ላይ ግማሽ መንገድ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ። መጋቢት ላይ ጠርሙሶቹን መታሁ። እሷም አንድ ቀን በእውነት የደረጃው ጫፍ አንሸራቷት ስትንገዳገድ ዓይኔ መጀመሪያ ወደ ጠርሙሶቹ ሲሄድ ተያዝኩ። ስቀን አለፍነው።

ግንቦት ላይ ሜዳው ገና ጭቃ ነበር። ባለሱቁ የክረምት ካፖርቱን ሳያወልቅ መጥቶ ዳር ላይ ቆመ። የቡድኑ ልጆች ሁሉ ለማየት ተሰበሰቡ። የወደቀውን ሽማግሌ ሆኖ የሚሮጠው ካፒቴኑ ራሱ ነው፤ "ሌላ ሰው ከሆነ አታምነውም" አለኝ። ሁለት ጊዜ ሮጦ ሁለት ጊዜ ተጋደመ። ሁለቱንም ጊዜ ኳሷን ይዤ ወደ እሱ ሄድኩ። ባለሱቁ ሰዓቱን አየ። ካፒቴኑ ከጭቃው ተነስቶ አንገቴን ሳብ አድርጎ "ከሳምንት በኋላ ጨዋታ አለ። ያለ አንተ መሄድ አልፈልግም። እባክህን አትየኝ" አለኝ። ይህን ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም። ያለ አንተ መሄድ አልፈልግም ያለኝን ቡድን በምንም አልለውጠውም ብዬ ወሰንኩ።

በሦስተኛው መጣ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ወደቀ፤ ከቀድሞው ይልቅ በኃይል ነበር የወደቀው፣ ድምፅም አሰማ። አላየሁትም። እጄን ዝቅ አድርጌ እንጨቶቹን በኳሷ ጠራረግኳቸው። ሦስቱም ከመሬት ተነቅለው ጭቃው ላይ ተበተኑ።

ልጆቹ ጮኹ። አንዱ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ባለሱቁ ካፖርቱን ከፍቶ ሲያጨበጭብ አየሁት፤ "እሑድ ጆንያህን ውሰድ" አለኝ። እኔም እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ እዘላለሁ፤ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ተመርጫለሁ፣ እዘላለሁ። እንዲህ እየሆንን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመሀል ካፒቴኑ ከሥር ሲናገር ሰማሁ።

"ጎበዝ" ይላል፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ። "ገባህ። አሁን ግን የምሬን ነው የወደቅሁት። አንሱኝ።"

ደንግጬ ሄጄ አነሳሁት። ደግፌ እስከ መኪናው አደረስኩት፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ አስቀመጥኩት፣ ከመጠጥ ማቀዝቀዣው በረዶ አውጥቼ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት። ሁሉንም እንደሚገባው አደረግኩ። ወደ ራሴ መኪና ገብቼ ቀበቶ ሳስር ነው "እኔን" እንዳላልኩት ትዝ ያለኝ። ብቻዬን አልኩት፤ መኪናው ውስጥ ግን ማንም ስላልወደቀ አፈርኩና ሞተሩን አስነሳሁ።